ጥቁሩ ገብስና አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ

ጋዝጊብላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አመተ ሥላሴ፣

እንደምን ከርመዋል? እርስዎን፣ ልጅዎን ማርታንና የልጅ ልጆችዎን በሰው አገር የጠበቀ አምላክ ወደፊትም አይለያችሁ። እኔም፣ ባለቤቴ ምሕረትም፣ ልጆቹም ቆመን እንሄዳለን፤ ተመስገን። ስልክ ከተቋረጠብን ዘጠነኛ ወራችን ነው። ይህችን ደብዳቤ የሰቆጣው ነጋዴ ዓብዱልቃድር ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ አዲስ አበባ ላለችው እኅቱ ለያስሚን ይሰጥልኛል፤ እሷ በፖስታ ትልክልዎታለች። መልሱንም በእሷ አድራሻ ይላኩልኝ።

አባቴ የአጎትዎ ልጅ ነውና ዘመድ ነን። ዛሬ የፈለግሁት ግን ዘመዴን ሳይሆን ሰቆጣ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝን መምህሬን ነው።

የቀበሌያችን የዘር ቤት ስቶር ኪፐር ከሆንሁ አምስት ዓመቴ ነው። ቤቱን ከገበሬው ጋር ሆና ያቋቋመችው የውጭ አገር ተመራማሪ፣ ዶክተር ኢንግሪድ፣ በጦርነቱ ጊዜ ወጥታ አልተመለሰችም። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤዋ በስንት ሰው እጅ ዞሮ ደረሰን። በዘር ቤቱ አሥራ አንድ ኩንታል ጥቁር ገብስ አለ፤ ቶሎ የሚደርስ፣ ዝናብ ቢያጥር የሚችል ዘር ነው። አምና ዝናቡ በሐምሌ ተቆርጦ ሰዉ ለዘር ያስቀመጠውን በላ። አሁን ሁሉም የሚያየው ወደዚህ ቤት ነው።

ዶክተሯ ስለ ገብሱ የጻፈችው «ዩርስ ቱ ኪፕ» ይላል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ምሳው በዘር ቤቱ ኮሚቴ ፊት አነበበና «ጋሽ ደረሰ፣ የእናንተ ነው ውሰዱት ማለቷ ነው» አለ።

«እኔ ስቶር ኪፐር አይደለሁም እንዴ?» አልሁት። «ኪፐር ማለት ወሳጅ ነው ወይስ ጠባቂ?»

ኮሚቴው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ግን አልሳቁም። «ቃሉን የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ፤ እስከዚያ ቁልፉ ደረሰ ጋ ይቆይ» አሉ። የእኔ ትርጉም «ጠብቁት፣ አደራ» ነው። በኮሌጅ የተማረውን ልጅ ተከራክሬ አቁሜዋለሁና እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ። ያቺ ቃል ምን ትላለች?

የወንድምዎ ልጅ፣
ደረሰ


ኮርክ፣ አየርላንድ፣ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ደረሰ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ቤትህ ይሙላ። ደብዳቤህን ማርታ ከሆስፒታል ስትገባ ከበሩ ሥር አንሥታ ሰጠችኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ በአራተኛው መነጽሬን አድርጌ እርሳስ ያዝሁ።

የመረጥኸው ግስ ቀላል እንዳይመስልህ። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ጎረቤቴ ኖራ በየማለዳው በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሃው አር ዩ ኪፒንግ?» ትለኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርሁ ሴት ያንን አልሰማሁም ነበርና «ምን ደብቀሻል» ያለችኝ መሰለኝ። «ምንም አልያዝሁም፣ ቤቱ የልጄ ነው» አልኋት። አጥሩን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ለካ «እንዴት ከርመሽ?» ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆንን።

ዶሮ የሚያረባ ሰው ዶሮ «ይኪፓል»፤ ንብ የሚያነብም እንዲሁ። ቃሉን ያላጠፈ ቃሉን፣ ሰንበትን ያከበረ ሰንበትን፣ ምሥጢር ያላወጣ ምሥጢሩን። ዝም በል ሲሉህም በዚችው ነው፤ መናገርህን ቀጥል ሲሉህም በዚችው! ማርታ ትናንት ወተት አሽትታ «ዊል ኢት ኪፕ?» አለች፤ ሳይበላሽ ይቆይ ይሆን ማለቷ ነው። እኛ ጠበቀ፣ አኖረ፣ አቆየ፣ ያዘ፣ አስቀረ፣ አከበረ እያልን የምናከፋፍለውን ሥራ እነሱ ለአንዲት ግስ አሸክመዋታል። በዚህ አገር የፈረሱ የድሮ ግንቦች ሞልተዋል፤ የግንቡ ዋና ምሽግም ስሙ «ኪፕ» ነው።

ማክሰኞ በአውቶቡስ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። አንዲት ልጅ ሁለት እጅ የሚፈልግ መዝገበ ቃላት አወጣችልኝ። ቃሏ የሺህ ዓመት ዕድሜ አላት። በጥንቱ መያዝ፣ መሻት፣ በዓይን መከታተል ማለት ነበረች፤ መጠበቅና ማስቀረት ቆይተው የመጡ ናቸው። ከሁሉ የገረመኝ የትውልዷ ነገር ነው። አብዛኞቹ የጥንት የእንግሊዝኛ ግሶች በጀርመኑም በደቹም እኅት ወንድም አላቸው፤ ለዚህች ግን እርግጠኛ ዘመድ አልተገኘላትም ይላል። ልጅቱ ቤተ መጻሕፍቱን ልትዘጋ ቆማ እኔ ገና እጽፍ ነበር።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ግስ ብቻውን አይጠየቅም፤ ይህንን ስምንተኛ ክፍል ነግሬሃለሁ። ከፊቷና ከኋላዋ ያለውን ዐረፍተ ነገር በሙሉ ገልብጠህ ላክልኝ፤ ያን ጊዜ በእርግጠኝነት እፈርዳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ስለ ኮሚቴውም ስለ ገበሬውም ጽፈሃል። ስለ ራስህ እርሻ ግን አንድ መሥመር የለም። ዘንድሮ ምን ልትዘራ ነው?

ምሕረትን ሳምልኝ።

እትዬህ፣ አመተ ሥላሴ


ጋዝጊብላ፣ ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አመተ ሥላሴ፣

የእርስዎና የቤተሰብዎ ሰላም እንደ ክረምት ውኃ ይብዛልኝ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። አደባባይ አውጥቼ ለኮሚቴው አነበብሁት። በኖራ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ በወተቱ ቄስ ገብረ ኢየሱስ እንኳን ፈገግ አሉ። አንብቤ ስጨርስ ምሳው «ታዲያ ምን ተባለ?» አለኝ። እኔም ምን እንደተባለ አላወቅሁም።

ቄሱ በግዕዝ ፈቱልን። «ዐቀበ ብሂል ጠበቀ፤ ዐቃቢ ደግሞ ጠባቂ» አሉና፣ «ግን ጠበቀ ራሱ በእኛው አማርኛ ዘብ መቆምም ነው፣ የሚመጣን መቆየትም ነው» አሉ። ስለዚህ እዚያው ነን።

እንዳዘዙኝ ዐረፍተ ነገሩን ከዚህ ጋር በእንግሊዝኛው ገልብጫለሁ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ «ገብሱን ያበቀላችሁት በእጃችሁ ነው። ለምርምር የሚበቃንን አንድ ጭብጥ ወስደናል። የቀረው» ይልና ያቺን ይላል። ቀጥሎ «በሚመጣው ዓመት ለማየት እመጣለሁ» ትላለች። እንግዲህ ሰው ሊያየው የሚመጣ ነገር ይነካል? እኔ ጠብቁ ማለቷ ነው ያልሁት በዚህ ነው።

ዝናቡ ዘንድሮ አልዘገየም፤ ሁለቴ ጥሩ አድርጎ ጣለ። ዛሬ ጧት እስከዳር መጣች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መሬቷ ከመሬቴ ይዋሰናል። ባዶ ቁና ይዛ በዘር ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ደረሰ፣ መሬቴ ሦስቴ ታርሷል» አለችኝ።

«አየሁት እስከዳር።»

«የማርስበት በሬ የወንድሜ ነው፤ ሁለት ሳምንት ነው ያዋሰኝ።»

«ቃሉ ተጠይቋል። ደብዳቤው ሲመጣ...»

«ደብዳቤው እስኪመጣ ዝናቡ ይቆምልኛል?»

አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። እስከ ቀትር ተቀምጣ ቁናውን እዚያው ትታ ተነሥታ ሄደች።

ገብስ የሚዘራው ቢዘገይ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። ይህ ደብዳቤ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ ሰኔ ያልቃል። መጻፉ ምን ይጠቅማል ብዬ ነበር፤ ግን መምህሬን ጠይቄ ሳልጨርስ መተው ከበደኝ።

ስለ እርሻዬ ጠይቀውኝ ነበር። መሬቱ ደኅና ነው።

ደረሰ


ጋዝጊብላ፣ ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ አመተ ሥላሴ፣

መልስዎን ሳልጠብቅ ሁለተኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ዓብዱልቃድር መኪናው ላይ ወጥቶ እየጠበቀኝ ነው።

እስከዳር በሄደች ማግስት ቁናውን አንሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። አንዱን ጆንያ ፈትቼ ገብሱን በመዳፌ ያዝሁት። ነቀዝ የለውም፤ ሽታውም ደኅና ነው። ግን ዶክተር ኢንግሪድ በየዓመቱ እንድናደርግ ያስተማረችን አንድ ነገር ነበር፤ መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንቱ እንደሚበቅል ማየት። ከጦርነቱ በፊት ዘጠና አራቱ በቅሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላደረግሁትም። ቁልፉን ከያዝሁ የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ከምሕረት ነጠላ ጫፍ ቀድጄ መቶ ፍሬ ጠቀለልሁ። በአምስተኛው ቀን ከፈትሁት። ስልሳ አንዱ በቀለ። ሠላሳ ዘጠኙ እንዳለ ነበር። ቄስ ገብረ ኢየሱስን ጠርቼ እንደገና ቆጠሩልኝ፤ እሳቸውም ስልሳ አንድ አሉ።

«ሌላ ሁለት ዓመት ብናስቀምጠውስ?» አልኋቸው።

«ያን ጊዜ የምታስቀምጠው ቆሎ ነው» አሉኝ።

እትዬ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርዎ። እርስዎ ከኮርክ ሆነው ያዩትን እኔ እዚህ ሆኜ ሸሽጌአለሁ። የራሳችንን ዘር በየካቲት በልተን ጨርሰናል። መሬቴ ታርሶ ባዶውን ነው ያለው። ያቺን ቃል «ጠብቁ» ብዬ የያዝኋት ስለ ትርጉሟ ብቻ አልነበረም። ብከፍተው «ደረሰ ለራሱ ብሎ ከፈተው» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ሐሜት ፈርቼ ሰው አስርቤ ነበር። ይህንን ለኮሚቴውም ነገርኋቸው። ምሳው አንገቱን ደፋ፤ እኔን ለማሳፈር አልፈለገም መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከፈትነው። አሥሩን ኩንታል ለሠላሳ ስድስት ቤት አካፈልነው፤ የማይበቅለው ብዙ ነውና ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ዝሩ አልናቸው። ሲታጨድ እያንዳንዱ የወሰደውን ያህል ለዘር ቤቱ ይመልሳል። አንዱን ኩንታል አስቀረን። የመጀመሪያዋን ድርሻ እስከዳር ወሰደች። የሰፈረችው በገዛ ቁናዋ ነው።

ቤት ስገባ ምሕረት «አንተ ስንተኛ ነህ?» አለችኝ።

«ሠላሳ ሰባተኛ።»

«ለስንት ሰው ደረሰ?»

«ለሠላሳ ስድስት።»

ባዶ እጄን አየች። በማግስቱ ማለዳ ምሳው ከቀረችው ኩንታል የኮሚቴው ውሳኔ ነው ብሎ ድርሻዬን በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አልቀበልም ብል ቄሱ ይቆጣሉ አለኝ። ምሕረት ጆንያውን ከትከሻው ተቀብላ አወረደችው። ያን ዕለት ዘራን።

ትክክል መሥራቴን አላውቅም። ቃሏ ጠብቁ ከሆነች ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ደረሰ


ኮርክ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ደረሰ፣

የሰኔ ስድስቱ ደብዳቤህ ዛሬ ጧት ደረሰኝ። ለሰላምታውም ጊዜ የለኝ። ክፈተው! ምሳው ልክ ነው፤ አንተ ተሳስተሃል። «ዩርስ ቱ ኪፕ» ማለት የእናንተ ነው፣ ለዘለዓለም፣ ማንም መልሱ አይላችሁም ማለት ነው። ሰው ለልጅ ስጦታ ሲሰጥ የሚላት ቃል ናት። ለማየት እመጣለሁ ያለችውም የበቀለውን ነው እንጂ ጆንያውን አይደለም።

ይህ ደብዳቤ ከዘር ጊዜ በኋላ እንደሚደርስህ አውቃለሁ። ማርታ ዛሬ ለያስሚንም ወደ ሦስት ቢሮም ደወለችልኝ፤ ጋዝጊብላ ድረስ ቃል የሚያደርስ አልተገኘም። ከጧት ጀምሮ ቁጭ ባልሁበት አለሁ።

የምነግርህን ነገር ለማርታም አልነገርኋት። እኔ ይህንን በሚያዝያው ደብዳቤህ አውቄው ነበር። ሦስቱ ቃላት በቂ ናቸው፤ ሌላ ዐረፍተ ነገር አያስፈልጋቸውም። «የእናንተ ነው» ብዬ በአንድ መሥመር መመለስ እችል ነበር፤ ከዘር ጊዜ በፊትም በደረሰህ ነበር።

ለምን አላልሁም? ደረሰ፣ እዚህ ተመችቶኛል፤ ልጄ ታከብረኛለች፤ ክፍሌ ይሞቃል። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም። የልጅ ልጆቼ እንግሊዝኛዬን ያርሙኛል። ደብዳቤህ ሲመጣ እንደገና ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምሁ መሰለኝ። አንድ ጊዜ መልሼ እንዳያልቅብኝ ሁለተኛ እንድትጠይቀኝ አደረግሁህ። አንተ የጠየቅኸኝ ስለ እንጀራ ነበር፤ እኔ ስለ ግንብ ጻፍሁልህ።

ያቺ ቁናዋን ትታ የሄደች ሴት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ይቅርታ በለኝ። ለእሷም ንገርልኝ።

አመተ ሥላሴ


ኮርክ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ደረሰ፣

እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሳችሁ። ዘሩን ማከፋፈልህን የጻፍኸው ደብዳቤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደርሶኛል። አንብቤ ስጨርስ ወጥቼ ለኖራ ነገርኋት፤ ስለ ገብስ ምንም ባታውቅም ተቃቅፈን ቆምን።

ከዚያ በኋላ ግን ቃልህ ጠፋብኝ። የእኔ የሐምሌው ደብዳቤ እንደደረሰህ ያስሚን ለማርታ ነግራታለች። ብትቆጣ አይፈረድብህም። ገብሱ እንዴት እንደሆነ ብቻ አንድ መሥመር ጻፍልኝ። ስለ እኔ ምንም አትበል።

አመተ ሥላሴ


ጋዝጊብላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎ እትዬ አመተ ሥላሴ፣

ባለሁበት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የማቀርበው አክብሮቴ ይድረስዎ። በዝምታዬ አዝነዋልና በመጀመሪያ እሱን ልናገር።

ተቆጥቼ ነበር። የሐምሌውን ደብዳቤዎን አንብቤ ኪሴ ውስጥ ከተትሁትና ለማንም ሳላሳይ ሁለት ሳምንት ይዤው ዞርሁ። እስከዳር ደፉ ላይ የተቀመጠችባት ጧት ትዝ እያለችኝ እርስዎን ወቀስሁ። ኋላ አረም መጣ፤ ከአረሙ በኋላ አጨዳ። በመጨረሻ ለምሕረት አነበብሁላት።

«በሩን የዘጋው ማነው? እሳቸው ናቸው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ሲጠየቁ ደስ የሚላቸው ከሆነ ታዲያ ጠይቃቸዋ!»

እንግዲህ ቂም የለኝም። እስከዳርም «ስለ እኔ ያዘነ ሰው ባሕር ማዶ ካለ ይህም አንድ ዘመድ ነው፤ ሰላም በልልኝ» ብላለች።

አሁን ወሬውን ልንገርዎ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ በረዶ ወረደ። ከታች ያሉት የዘጠኝ ሰዎች ማሳ ተመታ፤ ከእነሱ ሁለቱ ምንም አላገኙም። የሌላው ግን ተነሥቶ ደረሰ። ጥቁሩ ገብስ ጠቅጠቅ ተደርጎ በመዘራቱ ያልበቀለው እንኳን አልታወቀም። እኔና እስከዳር ባንድ አውድማ ወቃን፤ የወንድሟ በሬና የእኔው ተጣምረው አበራዩልን። ከማሳዬ አራት ኩንታል አገኘሁ። የእስከዳር አምስት ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ መሬቷን ከእኔ ይልቅ አለስልሳው ነበር።

በረዶ የመታቸውን ኮሚቴው መመለስ ቀርቶባቸዋል ብሎ ወሰነ። ሌላው መልሶ ዛሬ በዘር ቤቱ ወደ ስምንት ኩንታል አዲስ ገብስ አለ። መቶ ፍሬ ጠቅልዬ አየሁ፤ ዘጠና ሰባት በቀለ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ይህንን በቀበሌው ሰው ፊት ሲናገሩ እልል ተባለ። በየዓመቱ የሚቆጥሩ ሁለት ሰዎች መርጠናል፤ ቁልፉም ከእንግዲህ በሁለት ሰው እጅ ነው።

ምሳው በቃሏ ጉዳይ ማሸነፉን ለገበያ ሁሉ አውርቷል። «ጋሽ ደረሰ ኪፐርነቱን እንጂ ኪፕን አያውቅም» ይላል። እኔም ልክ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎን የግንቦቱን ደብዳቤ ያን ጊዜ የሰሙት ሴቶች ድገምልን እያሉ አላስቀመጡኝም። አጨዳው እንዳለቀ ሰንበት ከሰዓት በኋላ በዘር ቤቱ ደጅ መሰብሰብ ጀመርን። እስከዳር፣ ምሕረት፣ ሌሎች አምስት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ምሳው የእንግሊዝኛውን ፊደል ያስቆጥራል፤ እኔ ከእርስዎ የተማርሁትን እየለቃቀምሁ እነግራቸዋለሁ። ዶክተሯ ስትመጣ ራሳችን እናናግራታለን ብለዋል። ግን የሚጠይቁት ከእኔ በላይ ሆነ። ባለፈው እሑድ እስከዳር ተነሥታ «ጠገብን የሚለው በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?» አለች። ምሳው ሞላን የሚል ዓይነት ቃል አለ አላት። «ሞላን አላልሁም» አለችው። «ማሰሮ ይሞላል። እኔ የምለው ጠገብን ነው፤ ልጆቼ ጠገቡ የሚለውን ነው።» እንደ እኛ በአንድ ግስ የሚል ነገር ፈልገን አጣን።

ይህ የእስከዳር ጥያቄ የሰንበት ተማሪዎቹ ሁሉ ነው። መልሱን እየጠበቅን ነው፤ ቢረዝምም ግድ የለም፤ ዘንድሮ አንቸኩልም።

የወንድምዎ ልጅና ተማሪዎ፣
ደረሰ